አያቴ የተፉ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ የወተት ጥርሶቼ ገና እየተነቀሉ ሳለ፣ ተረት የምንሰማው አያቴ ብረት በሚቀጠቅጡበት ጎጆ ውስጥ ነበር። ጎጆው ከኮምቦልቻ በላይ፣ ወደ ደሴ በሚያወጣው ዳገት ላይ ካለችው መንደራችን ጫፍ፣ ከሌላው ቤት ሁሉ ራቅ ብሎ የቆመ ነው። ለምን ራቅ እንዳለ ያኔ አልጠየቅሁም። ልጅ የተወለደበትን ቦታ የዓለም መካከል አድርጎ ያያል፤ ለእኔ ራቅ ብለው የቆሙት ሌሎቹ ቤቶች ነበሩ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ አያቴ እንድሪስ የቀኑን ሥራ ያበቃሉ። ቀን ሙሉ የነደደው ከሰል ግን ወዲያው አይበርድም፤ አመዱን ለብሶ ውስጥ ውስጡን ይግላል። አጎቴ ሙሄ ከፍየል ቆዳ የተሰፋውን ወናፍ ጫን ለቀቅ ሲያደርገው ፍሙ ዓይኑን ይገልጣል፣ የጭቃው ግድግዳ ይቀላል፣ ጥላችን ተንጠራርቶ ጣሪያው ላይ ካለው ጥላሸት ጋር ይቀላቀላል። የከሰሉ ጭስ፣ የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር የሚወጣው እንፋሎት፣ የአያቴ ላብና የወናፉ ቆዳ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እኛ የልጅ ልጆች ጆንያ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። አያቴ እጃቸውን ታጥበው ከጉማጁ ግንድ ላይ አረፍ ይሉና «ተረት ተረት» ይላሉ። ሌላው ልጅ «የላም በረት» ብሎ እንደሚመልስ ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እኛ ቤት መልሱ «የአባቴ ብረት!» ነበር።

ደጋግመው የሚያወሩልን የነቢ ዳውድን ታሪክ ነው። ነቢ ዳውድ ንጉሥ ሆነው ሳለ ከግምጃ ቤት መብላት ከበዳቸው፤ «ያረቢ፣ በእጄ ሠርቼ የምበላበት ሙያ ስጠኝ» ብለው ዱዓ አደረጉ፤ አላህም ብረቱን በእጃቸው ላይ እንደ ሊጥ አለዘበላቸው። አያቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁለቱን እጆቻቸውን ዘርግተው አየሩን እንደ ሊጥ ያሹታል። «እሳት የለ፣ መዶሻ የለ፣ እንዲሁ በጣታቸው! ለእኛ ግን እሳቱን ጨመረልን፤ ነቢ አይደለንማ» ይሉና ይስቃሉ። እኔ ከዚያ በኋላ አያቴን በመንገድ ሳያቸው ከነቢ ቤተሰብ የወረዱ ይመስሉኝ ነበር።

ሁለተኛው የጅቡ ተረት ነው። አንድ ቀን ጅብ እያነከሰ ወደ ቀጥቃጭ ቤት መጣ አሉ። «ጌታው፣ ማረሻ ሲጣመም ታቃናለህ፤ ማጭድ ሲጎብጥ ታስተካክላለህ፤ እባክህ ይህን የኋላ እግሬን አቃናልኝ፣ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል።» ቀጥቃጩም፣ «ይቻላል። የተጣመመ ሁሉ የሚቃናው ግን መጀመሪያ እሳት ገብቶ ነው። በል እሳት ግባ!» አለው። ጅቡ ወደ ፍሙ አየ፣ ወደ መዶሻው አየ፤ ከዚያ «ኧረ ማንከሱስ መች ጎዳኝ!» ብሎ በመጣበት እግሩ ሮጠ። ዳገቱ ላይ ደርሶ፣ እንዳመለጠ ሲያውቅ ሳቀ። አያቴ የጅቡን ሳቅ ሲያሰሙ ጎጆው ውስጥ የነበርነው ልጆች እየተንከባለልን አብረን እንስቃለን።

ከእኛ ዘር ያልሆነች፣ ግን ተረቱን ለመስማት የምትመጣ አንዲት ልጅ ነበረች። መዲና ትባላለች፤ እኩያዬ ናት። አባቷ ይመር የሁለት ጥማድ በሬ ባለቤት፣ በመንደሩ የተከበረ ገበሬ ነው። ማረሻውን ሁሉ የሠሩለት አያቴ ናቸው። እናቷ ዘይነባ ልጇ እኛ ጋ እንድትመጣ ስለማትፈቅድ መዲና «ጥጃ ልፈልግ» እያለች ነበር የምትጠፋው። በጅቡ ተረት ከሁላችንም አብልጣ የምትስቀው እሷ ናት። «አብዬ እንድሪስ፣ አንዴ ይድገሙት» ትላለች፤ እሳቸውም ይደግሙላታል።

ስለ እኛ የሚባለውን ቀስ በቀስ ሰማሁት። ገበሬው ማጭዱን ሊያሠራ ሲመጣ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አይገባም። የተሠራለትን ከእጅ አይቀበልም፤ አያቴ መሬት ላይ ያስቀምጡለታል፣ እሱ ያነሣል። በጠራራ ፀሐይ እንኳ የእኛን ውሃ አይጠጣም። መስጊድ ውስጥ ሰልፍ ሲያዝ አያቴ ከሁሉም ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ፤ ሶላቱ አልቆ ጫማ ሲደረግ ግን ማንም ቤቱ አይጠራቸውም። ጢማቸው የነጣ ሰው ሆነው ሳለ ልጃቸው የሚሆን ወጣት «አንተ» ይላቸዋል፤ እሳቸው «እርስዎ» ብለው ይመልሱለታል። ያኔ የሰውን አባባል ለይቼ አልሰማም ነበርና የአያቴን ትሕትና ብቻ ነበር የማየው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ትልቅ ልጅ በድንጋይ መታኝና «የቡዳ ልጅ! ማታ ጅብ ትሆኛለሽ አሉ» አለኝ። ጅብ ስላለ፣ የአያቴን ተረት የሰማ መሰለኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ እየሳቅሁ ስነግራት ያየሁትን ፊቷን አልረሳውም። የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች፣ ግንባሬን ጠረገችልኝ።

አያቴ ለምን ስለ ጅብ ያንን ሳቅ የሞላበት ተረት እንደሚያወሩልን ከዚያ በኋላ ገባኝ። ቃሉ እንደ ድንጋይ ከመምጣቱ በፊት እንደ ጨዋታ እንዲደርሰን ፈልገው ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ቦርከና ዳር ያለው ሜዳ ገና ውሃ እንዳቆረ፣ መዲና ከአባቷ ጋር እዚያ ካለው ማሳቸው ሰንብታ ተመለሰች። በተመለሰች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ጣላት። ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሲንቀጠቀጥ ወባ መሆኑን መንደሩ የማያውቅ አልነበረም፤ ይመርም ቃሬዛ አሠርቶ ሊያወርዳት ተዘጋጅቶ ነበር አሉ። ነገሩ የተበላሸው ትኩሳቱ ሲብስ መቃዠት በመጀመሯ ነው። መዲና ዓይኗን ጨፍና፣ በተኛችበት ትስቅ ጀመር። የምትስቀው የጅብ ሳቅ ነበር። በሳቁ መሐል ደግሞ «እሳት ግባ ይሉኛል... አብዬ እንድሪስ እሳት ግባ ይሉኛል» ትላለች።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነው። ትኩሳቱ የሚያቃጥላት ልጅ የምትወደውን ተረት እያወራች ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ የነበሩት ግን ተረቱን አልሰሙትም። አልጋውን የከበቡት ሴቶች «ለፈለፈች! የበላትን ተናገረች!» ብለው ጮኹ።

ከአሱር ሶላት በኋላ ነው የመጡት። አያቴ መስፍ በሚባለው መቀጥቀጫ ብረት ላይ ቢላዋ እየቀጠቀጡ ነበር፣ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ። ይመር ፊት፣ ከኋላው ዱላ የያዙ ወንዶችና አንድ የመንደሩ ሽማግሌ ሆነው ከጎጆው ፊት ቆሙ።

«እንድሪስ! ውጣ!»

አያቴ ቢላዋውን አስቀምጠው ወጡ። «ወአለይኩም ሰላም፣ ይመር» አሉ፣ ያልቀረበላቸውን ሰላምታ መልሰው።

«ልጄን ልቀቅልኝ።»

«መዲናን ምን አገኛት?»

«አንተን ልጠይቅህ እንጂ! ስምህን ጠርታ ለፍልፋለች። እሳት ግባ ይለኛል እያለች እንደ ጅብ ትስቃለች። መጥተህ ትፋባት።»

ልጅ ብሆንም፣ «እሳት ግባ» የሚለውን ሲሰሙ አያቴ ፊት ላይ የሆነውን አይቻለሁ። ተረታቸው ተመልሶ የመጣው እንዲህ ሆኖ ነው። «ያ እኮ ተረት ነው» ብለው ቢናገሩ ማን ይሰማቸዋል? ልጅቱን ማታ ማታ ጠርቶ አስማት ሲደግምባት ነበር ከመባል አያልፍም።

አጎቴ ሙሄ መዶሻውን እንደያዘ ከውስጥ ወጣ። «አብዬ፣ አይሄዱም! ከተፉማ በልቻለሁ ብለው መሰከሩ ማለት ነው። በእኔም በልጆቼም ላይ ነው የሚመሰክሩት!»

«መዶሻውን አስቀምጥ» አሉት። ከዚያ ወደ ይመር ዞሩ። «ያንቀጠቅጣታል?»

«እንደ ቅጠል።»

«ሐኪም አያት?»

ሽማግሌው ጣልቃ ገባ። «ቡዳ የበላውን መርፌ ይገድለዋል። ሳትተፋባት መርፌ ብትወጋ እዚያው ትቀራለች።»

«ከተፋሁባት በኋላስ?»

«ከተፋህባትማ ለቀቅሃት። ያኔ ምንም አይላት።»

አያቴ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት ጠረጉ። «እንግዲያው ይማሉልኝ፣ ይመር። እኔ እተፋለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ጀምበር ሳትጠልቅ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ያደርሷታል። ይማሉልኝ።»

«ወላሂ አደርሳታለሁ።»

«እነሱም ይማሉ።»

ሁሉም ማሉ። አጎቴ መዶሻውን መሬት ላይ ወርውሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና እንደ ልጅ አለቀሰ። አያቴ አላባበሉትም። ነጠላ ጫማቸውን አድርገው በወንዶቹ መሐል ሄዱ። እኔ ተከተልኋቸው፤ የከለከለኝ የለም።

ይመር ግቢ ስንደርስ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ እየሸፈኑ ወደ ጓዳ አስገቡ። መዲናን ደጅ አውጥተው ጀንዲ ላይ አስተኝተዋታል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኖቿ ተከፍተዋል፣ ግን አያዩም። አያቴ አጠገቧ ተንበረከኩ። በሹክሹክታ የቁርአኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን ቀሩ፤ ከአፋቸው እንቅስቃሴ አወቅሁት፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና። ከዚያ «እንትፍ፣ እንትፍ» አሉባት። ሼህ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ምርቃት ነበር። ያው ፋቲሃ፣ ያው ምራቅ። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን የወንጀለኛ ቃል ሆነ፤ ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ «ለቀቃት፣ ለቀቃት» ሲል ሰማሁ። አያቴ ከጉልበታቸው ሊነሡ ሲሞክሩ ማንም እጁን አልሰጣቸውም። የእኔን ትከሻ ተደግፈው ተነሡ።

መዲናን በቃሬዛ አወረዷት። ይመር መሐላውን ጠብቋል፤ ይህን ልክድበት አልችልም። ጤና ጣቢያው ወባ መሆኑን ተናግሮ መድኃኒቱን ሰጣት፤ ሰንብታ በእግሯ ተመለሰች። መንደሩ ግን የጤና ጣቢያውን ስም አላነሣም። «እንድሪስ ሲተፋባት ጊዜ ተነሣች» ተባለ። ከዚያ በፊት ሐሜት የነበረው ከዚያ በኋላ ማስረጃ ያለው ነገር ሆነ፤ ራሳቸው መጥተው፣ ራሳቸው ተፍተው፣ ልጅቱ ድናለች፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? ብትሞት ኖሮ ገዳይ ይሏቸው ነበር። ስለዳነች በላተኛ አሏቸው።

ሥራው አልቆመም። ማረሻ ይደንዛል፣ ማጭድ ይሰበራል፤ ገበሬው ፈርቶም ይመጣል። የቆመው ተረቱ ነው። ከመግሪብ በኋላ ጆንያው ላይ ተደርድረን ብንጠብቅም አያቴ ፍሙን አመድ አልብሰው «ሂዱ፣ ተኙ» ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ አላስችል ብሎት «ተረት ተረት ይበሉ እንጂ» አላቸው። አዩትና፣ «ልጄ፣ ተረት ለማያምን ሰው ነው የሚወራው» አሉት። ያኔ አልገባኝም። ሰዎች ሲያምኑበት ምን እንደሚሆን እሳቸው አይተው ነበር።

መዲና ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ካገኘኋት እናቷ ከሩቅ ትጠራታለች፤ እሷም ትሮጣለች።

አባቴ ዓመቱ ሳይዞር ወደ ደሴ ይዞን ወጣና ሆጤ ውስጥ ጠባብ ቤት ተከራየ። መጀመሪያ በተሸካሚነት፣ በኋላ አንዲት አነስተኛ ሱቅ ከፍቶ አሳደገን። በገባን ዕለት እኔንና ወንድሜን አስቀምጦ፣ «እዚህ ማንም አያውቀንም፤ አያታችሁ ምን ይሠራሉ ሲሏችሁ ገበሬ ናቸው በሉ» አለን። አያቴ አብረውን እንዲመጡ ለምኗቸው ነበር። «ከእኔ ጋር ከመጣችሁ ስሜም አብሮ ይመጣል» ብለው እምቢ አሉ። ለዒድ ልንጠይቃቸው ስንወርድ ጎጆው ደጃፍ ቆመው ይቀበሉናል፣ «አብሽሩ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፣ ሳይመሽ ይሸኙናል። ሲሞቱም ያጠባቸው አባቴና አጎቴ ናቸው። ቀብሩ ላይ የመንደሩ ወንዶች ተገኝተዋል፤ የጀናዛ ሶላት ግዴታ ነውና። አፈር አልብሰው ሲያበቁ ግን እጃቸውን ሲያራግፉ የነበረው ጥድፊያ ከዓይኔ አልጠፋም።

ይህ ሁሉ ካለፈ ብዙ ዓመት በኋላ፣ በቅርቡ፣ የቅርስ ጥናት ባለሙያዎች ከመንደራችን በላይ ያለውን ገደል ቆፍረው የጥንት የብረት ማቅለጫ ምድጃ ስብርባሪ ማግኘታቸውን ሰማሁ። ያገኙት ነገር ደሴ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ለሕዝብ ይታያል ተባለና ሄድሁ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ጥቁር የብረት ዝቃጭ፣ የተቃጠለ የሸክላ ቱቦ ቁራጭ፣ ቅርጹ የጠፋ ማጭድ ተደርድሯል። ከላይ በትልልቅ ፊደል «የጥንት አባቶቻችን የብረት ጥበብ» ይላል። የምታስረዳው ወጣት ደግ ልጅ ናት፤ በዚያ ገደል ላይ ማንም ከማያስታውሰው ዘመን ጀምሮ ድንጋይ አቅልጠው ብረት የሚያወጡ ሰዎች እንደነበሩ፣ ያለ እነሱ ማረሻም እርሻም እንዳልነበረ በፍቅር ትናገራለች። ሰው ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሣል። «አባቶቻችን» የሚለውን ቃል ደጋግሜ አነበብሁት። በሕይወት ሳሉ ማንም አባቴ አላላቸውም። አባት ለመሆን መጀመሪያ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ስም ጠፍቶ፣ ከዚያ በባለሙያ መቆፈር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከሳጥኑ ወዲያ ማዶ አንዲት ደልደል ያለች፣ ወርቅ ያደረገች ሴት ሕፃን አቅፋ ቆማለች። ፊቷን ሳይ ዘይነባን ያየሁ መሰለኝ።

«መዲና?» አልኋት።

«ማን ልበል?»

«ለይላ ነኝ። የእንድሪስ የልጅ ልጅ።»

ፊቷ በራ። «ያ አላህ! ለይላ!» ብላ አንገቴን ልታቅፍ መጣች። ነጋዴ አግብታ ደሴ እንደምትኖር፣ ሕፃኑ የልጇ ልጅ መሆኑን በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ሕፃኑ ከትከሻዋ ላይ ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ። «እንዴት ያምራል!» አልሁ።

እጇ ተነሣና የሻርፗን ጫፍ ስቦ የሕፃኑን ፊት ሸፈነ።

ሁለታችንም እጇን አየን። መዲና ደነገጠች፤ እጁን ራሷ የላከችው አይመስልም ነበር። «ብርድ ነው... የደሴ ብርድ ታውቂው የለ» አለች። አዳራሹ በሰው ትንፋሽ ይሞቅ ነበር።

እንደመካስ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና፣ «አብዬ እንድሪስን በየሶላቴ ነው ዱዓ የማደርግላቸው። ወላሂ ነው የምልሽ። ያኔ ባይለቁኝ ኖሮ ሞቼ ነበር። ስንቱ አይለቅም መሰለሽ?» አለችኝ። ከልቧ ነበር፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ወባ ነበር፣ መዲና። ጤና ጣቢያው ነው ያዳነሽ። ወደዚያ እንዲወስዱሽ ብለው ነው የተፉት።»

ራሷን ነቀነቀች፣ የሚያጽናናትን ሰው እሺ እንደምትል ለቅሶኛ። «እሱማ ሰበብ ነው፣ እህቴ» አለች። «ሰበብ ነው።»

ተሰናብተን ወጣሁ። ደጅ የደሴ ጉም ወርዶ ባጃጆቹ መብራታቸውን አብርተው ይሄዳሉ። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ቁጣው አልመጣልኝም። አያቴ ከነገሩን ሁሉ ምን ቀረኝ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ተረቶቹን ቃል በቃል አስታውሳቸዋለሁ፣ ለልጆቼም አውርቻቸዋለሁ፣ እነሱም ስቀዋል። ከተረቱ ይልቅ ጠልቆ የገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ታክሲ ውስጥ ሕፃን የያዘች እናት ፊቴ ስትቀመጥ፣ ሳትሳቀቅ ዓይኔን ቀድሜ ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ሰው ቤት አራስ ልጠይቅ ስገባ ሕፃኑን አሳዩኝ አልልም። እነዚህን ለሰው ብዬ የማደርጋቸው ይመስሉኝ ነበር።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁ ዕለት ግን ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ነርሷ አሳቅፋኝ ወጣች። ልጄን አየኋት፣ በጣም ታምራለች፤ ዓይኔ እሷ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሳላስበው በፎጣው ጫፍ ፊቷን ሸፈንሁ። ከእኔ ነበር የሸፈንኋት።